ለዕረፍትም ቀጠሮ ይያዝለት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር መልስ የምንሰጥባቸው ሦስት ደብዳቤዎች ሁሉም ከጎንደር የተላኩ ሲሆኑ፣ ጉዳያቸውም አንድ ነው፤ ሥራ የግል ጊዜን ጨርሶ ሲውጠው ምን ማድረግ ይገባል የሚል ነው። የላኪዎቹን ስምና መሥሪያ ቤቶቻቸውን አስቀርተናል፤ ደብዳቤዎቹንም ፍሬ ነገራቸውን ሳንነካ አሳጥረናቸዋል። የመጀመሪያው ደብዳቤ ብዙ ነገር ስለሚያነሣ የዓምዱን ሰፊ ቦታ ይዟል። ሰዓቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 34 ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ስሆን፣ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ከተቀጠርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። የምኖረው ማራኪ በሚባለው ሰፈር ነው። ሥራ የምገባው ጠዋት 2:30፣ የምወጣውም 11:30 ነው ተብሎ ቢጻፍም፣ የሽያጭ ሠራተኞቹ የዕለቱን ደረሰኝና ገንዘብ አስረክበው እስኪጨርሱ ስጠብቅ 12:30 ይሆናል። ቤት ገብቼ እራት አዘጋጅቼ፣ ልጆቹን አስጠንቼ፣ አብረውን የሚኖሩትን አማቴን ተንከባክቤ ልቀመጥ ስል ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕ መጮህ ይጀምራል። ሥራ አስኪያጁ የባንክ ማመሳከሪያ ወይም የነገውን ክፍያ ዝርዝር የሚጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። ቅዳሜ እስከ 6:30 እሠራለሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የሳምንቱ አጠባ፣ ማኅበሩ፣ ለቅሶው፣ የዘመድ ጥየቃው ይጠብቀኛል። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር በመሆኑ በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ቤት አያድርም።

ከዓመቱ መጀመሪያ አንሥቶ ጠዋት ስነሣ ደክሞኝ ነው የምነሣው። ደረሰኝ ይዞ ወደ ጠረጴዛዬ የሚመጣ ሰው ገና አፉን ሳይከፍት ያናድደኛል። ድሮ ዓይኔን ጨፍኜ የምሠራውን የደመወዝ ሰነድ ዛሬ ሦስት ጊዜ አመሳክሬውም ስሕተት አገኝበታለሁ። ጓደኞቼ ‹ለራስሽ ጊዜ ስጪ› ይሉኛል፤ እኔም ሥራው ጋብ ሲልልኝ እሰጣለሁ እላለሁ፤ ሥራው ግን ጋብ ብሎ አያውቅም። ይህ በሽታ ነው ወይስ ስንፍና? ጊዜውንስ ከየት ላምጣው? ሰዓት ለይቼ ብይዝስ ቤተሰቤና አለቃዬ ‹ተለወጠች› አይሉኝም?»

መልስ፦ በሽታም ስንፍናም አይደለም። ሰነፍ ሰው የደመወዝ ሰነድ ሦስት ጊዜ አያመሳክርም። የዓለም ጤና ድርጅት ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ፣ በሥራ ብዛት መዛልን የመዘገበው በሕመምነት ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት አድርጎ ነው። መነሻው በወጉ ሳይያዝ የቆየ፣ ሥር የሰደደ የሥራ ጫና ነው ይላል፤ መለያዎቹንም ሦስት ያደርጋቸዋል፤ እነዚህም የጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በመንፈስ መራቅና ሥራውን ማማረር፣ እንዲሁም ድሮ ይሠሩት የነበረውን ያህል በብቃት መሥራት አለመቻል ናቸው። ደክመው መነሣትዎን፣ ባለ ደረሰኙ የሚያናድድዎ መሆኑንና የሰነዱን ስሕተት የጻፉልን በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

ስለ ስንፍናው ጥርጣሬዎ አንድ ነገር እንጨምር። ጉዳዩን በ1974 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ያነሣው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ የተመለከተው ኒው ዮርክ ውስጥ በነፃ ሕክምና መስጫ ተቋም ሲያገለግሉ የነበሩ ሰዎችን ነው፤ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ከመደበኛ ሥራቸው ተርፈው እስከ ሌሊት የሚደክሙ ሰዎች ነበሩ። መዛል ቀድሞ የሚጎበኘው ሥራውን ከልቡ የያዘውን እንጂ የሚያልፍ የሚያገድመውን አይደለም።

ወደ ሰዓቱ ከመግባታችን በፊት ግን ራስዎን ሊጠይቁት የሚገባ ነገር አለ። ከሥራ ውጭ ባሉበት ጊዜ፣ ለምሳሌ ከልጆችዎ ጋር ሲሆኑ ወይም የሚወዱት ዘመድ ሲመጣ፣ ደስ የሚልዎ ነገር አለ? ካለ ምክሩን ይቀጥሉበት። ከሁለት ሳምንት በላይ በሁሉም ነገር ተስፋ መቁረጥ፣ ምግብ መጥላት፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም «በሞትኩ» የሚል ሐሳብ ካለ ግን ጉዳዩ ከሥራ መዛል ያለፈ ሊሆን ስለሚችል፣ የጊዜ ሠሌዳ ከማውጣት በፊት ሐኪም ማየት ያስፈልጋል፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት ይሰጣል።

አሁን ሰዓቱን እንቁጠር። ከሰኞ እስከ ዓርብ የምሳውን አንድ ሰዓት ቀንሰን በቀን 8 ሰዓት፣ በአምስት ቀን 40 ሰዓት ይሆናል። የቅዳሜው አራት ሰዓት ሲደመር 44 ነው። ደረሰኝ ርክክብ የሚጠብቁበትን በቀን አንድ ሰዓት ሲጨምሩ 49፣ የምሽቱን የቴሌግራም ሥራ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ቢገምቱት 54 ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝን አደጋ በ35 በመቶ፣ በልብ ደም ሥር ሕመም የመሞትን አደጋ ደግሞ በ17 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ ተገምቷል። እርስዎ ከዚያ መሥመር የቀረዎት አንድ ሰዓት ነው፤ ይህም የቤቱ ሥራ ሳይቆጠር ነው።

ሕጉም ከእርስዎ ጋር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይወስናል፤ የሥራ ሰዓት ማለትም ሠራተኛው በትክክል የሚሠራበት ብቻ ሳይሆን ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበትም ጊዜ ነው። የትርፍ ሰዓት ሥራ የሚፈቀደው እንደ አደጋ፣ አስቸኳይ ሥራ ወይም የቀረ ሠራተኛን መተካት ባሉ ምክንያቶች ሲሆን፣ ያም ሆኖ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ክፍያው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራው የመደበኛው ሰዓት ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ንጋት ለተሠራው 1.75 እጥፍ ነው። ይህን የምንጽፈው ነገ ጠዋት አዋጁን ይዘው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ እንዲገቡ አይደለም፤ በከተማችን ባሉ አነስተኛ ድርጅቶች ነገርን በሕግ መጀመር ብዙ ጊዜ ነገሩን በኩርፊያ መጨረስ ነው። ይልቁንስ ለሁለት ሳምንት የመጡበትንና የወጡበትን ሰዓት፣ በምሽትም የተላከልዎትን ሥራና የጨረሱበትን ሰዓት በአንድ ደብተር ይመዝግቡ። የሒሳብ ሰው ያለ ሰነድ አይከራከርም።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ እንምጣ። «ሥራው ጋብ ሲልልኝ» የሚለው ቀጠሮ መቼም የማይደርስ ቀጠሮ መሆኑን ከማንም በላይ የሚያውቁት በሙያዎ ነው፤ የወሩ ሒሳብ የሚዘጋው ቀኑ ስለደረሰ እንጂ ሥራው ስላለቀ አይደለም። የግል ጊዜዎም በዚያው መንገድ አስቀድሞ መያዝ ይኖርበታል፤ ማለትም ቀን፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ሰዓት፣ የሚውሉበት ቦታ፣ እንዲሁም ነገሩን የሚያውቅ ቢያንስ አንድ ሰው ይኑረው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሰዓቱ በወረቀት ላይ ይቀራል።

በየቀኑ አንድ ሰዓት እንዲይዙ አንመክርም፤ በእርስዎ ኑሮ በመጀመሪያው ሳምንት ይፈርሳል፣ ሲፈርስም ተስፋ ያስቆርጣል። ማክሰኞና ሐሙስ ከ11:45 እስከ 1 ሰዓት፣ ቅዳሜ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይያዙ። ማክሰኞና ሐሙስ 11:30 ለመውጣት የሚያግድዎ የደረሰኝ ርክክቡ ስለሆነ፣ ለሥራ አስኪያጁ የሚያቀርቡት ሐሳብ «ልረፍ» የሚል ሳይሆን የአሠራር ለውጥ ይሁን፤ በእነዚህ ሁለት ቀናት ርክክቡ 10:30 ላይ ይዘጋ፣ ከዚያ በኋላ የተቆረጠ ደረሰኝና ገንዘብ በካዝና አድሮ በማግስቱ ጠዋት 2:30 ይረከብ። ለዚህ የሚያስፈልገው የሽያጭ ክፍሉ የሚፈርምበት አንድ ተጨማሪ የርክክብ ቅጽ ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጆች ደክሞኛል ከሚል ሠራተኛ ይልቅ አሠራር ይዞ የሚመጣን ሠራተኛ ቶሎ ይሰማሉ፤ ፍትሐዊ አይደለም፣ ግን እንደዚያ ነው።

በሰዓቱ ምን ይሠራበታል? ሳቢን ሶነንታግና ሻርሎተ ፍሪትዝ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ፣ ሰው ከሥራ ድካም የሚያገግምባቸውን መንገዶች በአራት ከፍለዋቸዋል፤ እነሱም ከሥራ ሐሳብ መላቀቅ፣ ሰውነትንና መንፈስን ማፍታታት፣ ከሥራ ውጭ የሆነ አንድ ነገር መማርና መቻል፣ እንዲሁም በጊዜው ላይ ራስ አዛዥ መሆን ናቸው። ፌስቡክ እየገለበጡ ሶፋ ላይ መተኛት ምናልባት ሁለተኛውን ያሟላ ይሆናል፤ ግሩፑ በዚያው ስልክ ላይ እየጮኸ ስለሆነ ግን የመጀመሪያውን አያሟላም። ከቢሮ ወጥተው በእግር ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቢሄዱና በግቢው ዛፎች ሥር ግማሽ ሰዓት ቢቀመጡ ግን ቢያንስ ሦስቱ ይሟላሉ። ለጸሎት ብቻ አይደለም የምንለው፤ በዚያ ግቢ ማንም ሰው ደረሰኝ ይዞ አይመጣብዎትም። ዋናው ነገር ቦታው ከቢሮም ከቤትም ውጭ መሆኑ ነው፤ ምክንያቱም እንደ እርስዎ ላለች ሴት ቤት ሁለተኛ የሥራ ቦታ ነው።

ይህ ደግሞ ስለ ቡና አንድ ነገር ያስነሣል። «ቡና አፍልተን እንጫወታለን፣ ከዚህ በላይ ምን ዕረፍት አለ?» የሚሉ ብዙ አንባቢዎች ጽፈውልናል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ እስኪያልቅ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚወስደው ያ ጨዋታ ለተቀመጡት በእርግጥ ዕረፍት ነው። ጉዝጓዙን ጎዝጉዛ፣ ቡናውን አጥባ፣ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ አፍልታ፣ ቀድታ፣ ሲኒውን አጥባ ለምትነሣው ሴት ግን ሥራ ነው፤ ደስ የሚል ሥራ ሊሆን ይችላል፣ ሥራነቱ ግን አይቀርም። የቅዳሜዎን ሁለት ሰዓት በቡና ለማሳለፍ ከፈለጉ ጎረቤትዎ ወይም እህትዎ ቤት ሄደው ሌላ ሰው ያፈላውን ይጠጡ።

የቴሌግራሙን ጉዳይ በአንድ መልእክት መጀመር ይቻላል። በግሩፑ ሳይሆን ለሥራ አስኪያጁ በግል፣ እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የሚላኩ መልእክቶችን በማግስቱ ጠዋት ቢሮ እንደገባሁ አይቼ እመልሳለሁ። የማያድር ጉዳይ ከገጠመ ግን ይደውሉልኝ፤ አነሣለሁ።» መልእክቱ በር አይዘጋም፤ በሩን ያጠባል። በተግባር የሚታየው፣ ሰው በምሽት 3 ሰዓት ሦስት መሥመር ለመጻፍ አያመነታም፣ ለመደወል ግን ያመነታል። ስለዚህ የማያድረው ጉዳይ ከሚያድረው ራሱን ይለያል። ከዚያም የግሩፑን ድምፅ ዝም ያሰኙት፤ ከሁሉም በላይ በመጀመሪያው ሳምንት የገቡትን ቃል ራስዎ አያፍርሱት። በሦስተኛው ቀን ማታ ከመለሱ መልእክቱ ዋጋ አይኖረውም።

ከሁሉ የከበደው ግን ይሉኝታው እንደሆነ ከደብዳቤዎ ተረድተናል። አማትዎ «ሚስት ሆና በዚህ ሰዓት የት ትውላለች?» እንዳይሉ ይፈራሉ። እዚህ ላይ ማብራሪያ አያብዙ። ስለ መዛል፣ ስለ ራስ መንከባከብ ለእሳቸው መተንተን አያስፈልግም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳያርፉ ልጆች ያሳደጉ እናት ትንተናውን እንደ ወቀሳ ሊሰሙት ይችላሉ። «እማማ፣ ማክሰኞና ሐሙስ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው የምገባው፣ ቀጠሮ አለብኝ፤ ወጡን ጠዋት ሠርቼ እተዋለሁ» ማለት በቂ ነው። ውሸት አይደለም፤ ቀጠሮ አለብዎት። ኩሽና ውስጥ በተሰቀለው፣ በዓላቱና አጽዋማቱ በታተሙበት የግድግዳ ካሌንደር ላይ እነዚያን ቀናት በቀይ እስክሪብቶ ያክብቡ። ካሌንደሩ ላይ ያለ ነገር በቤታችን ክብር አለው፤ ልጆቹም በሁለት ሳምንት ውስጥ «ዛሬ ማክሰኞ ነው» ብለው ራሳቸው ያስታውሱዎታል።

ባለቤትዎን ግን በግልጽ ያነጋግሯቸው። በሳምንት ሁለት ቀን ቤት የሚያድሩ ከሆነ ከመንገድ ተመልሰው ማረፍ እንደሚገባቸው አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ከሁለቱ ቀናት በአንዱ፣ ለሁለት ሰዓት፣ ልጆቹም አማትዎም በእሳቸው እጅ ሊሆኑ ይገባል። ሰውየው ከመጡ በኋላ በር ላይ የሚነገር ነገር አይደለም፤ ከመንገድ ሲደውሉ አስቀድመው ይንገሯቸው።

ለቅሶ በቀጠሮ አይመጣም። ጎንደር ውስጥ የሚኖር ሰው ቅዳሜ 8 ሰዓት የራሴ ነው ብሎ ከጎረቤት ቀብር ሊቀር አይችልም፤ ሊቀርም አይገባውም፤ ዕድሩ የሚያስፈልገን በራሳችን ቀን ነውና። ስለዚህ ሠሌዳው ከመጀመሪያው ተለዋጭ ቀን ይኑረው። ቅዳሜ ከተወሰደ እሑድ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ይተካል፤ ማክሰኞ ከተወሰደ ረቡዕ ይተካል። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፦ ሰዓቱ ይዛወራል እንጂ አይሠረዝም፤ የሚዛወረውም በዚያው ሳምንት ውስጥ ነው። ወደሚቀጥለው ሳምንት የተሻገረ የዕረፍት ሰዓት የተሠረዘ ሰዓት ነው። ማኅበርንና ሰርግን በተመለከተ ግን እንደ ለቅሶ አይደለም፤ ሁሉም ላይ ተገኝቶ እስከ መጨረሻ መቆየት ግዴታ አይደለም፣ መልካም ምኞትን አድርሶ በጊዜ መውጣት ነውር አይሆንም።

የዓመት ፈቃድዎን በደብዳቤዎ ጨርሰው አለማንሣትዎ አስገርሞናል። አዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያም ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አንድ የሥራ ቀን ስለሚጨምር፣ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለ ሰው 20 የሥራ ቀን ይደርሰዋል። ሥራ ላይ እያሉ ፈቃዱን በገንዘብ መለወጥ ክልክል ነው፤ ማራዘሙም ከሁለት ዓመት ማለፍ የለበትም። ሠራተኛው ጠይቆ አሠሪው ከተስማማ ለሁለት ተከፍሎ ሊወሰድ ይችላል፤ ለእርስዎ የሚሻለውም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም የረጅም ፈቃድ ጥቅም ሥራ ከተመለሱ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደሚደበዝዝ ጥናቶች በተደጋጋሚ አሳይተዋል። ጊዜውን በሙያዎ ካሌንደር ይምረጡት። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ የ«ሀ» ደረጃ ግብር ከፋዮች የዓመቱን ሒሳብ እስከ ጥቅምት 30 ስለሚያቀርቡ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ፈቃድ መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው። ኅዳር ግን ክፍት ነው። ሁለተኛውን ግማሽ በዐቢይ ጾም ያድርጉት፤ ሰርግም ድግስም የለም። በጥምቀት ሰሞን አይውሰዱት፤ የጎንደር ቤት ያን ጊዜ በእንግዳ ስለሚሞላ ፈቃዱ ከምድጃው አጠገብ ያልቃል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የማይፈታ አንድ ነገር አለ። ሥራው በራሱ የሁለት ሰው ከሆነ፣ በሳምንት አራት ሰዓት ተኩል ዕረፍት የሚያስታግሰው እንጂ የሚያድነው አይደለም። የሁለት ሳምንቱ ደብተር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ደብተሩ በሳምንት አሥር ሰዓት ትርፍ ሥራ ካሳየ፣ ያ ለአንድ ረዳት ሠራተኛ የሳምንት ሥራ ሩብ ያህል ነው፤ ለሥራ አስኪያጁ የሚቀርበውም ጥያቄ ከተግባራቱ የትኛው ለማን እንደሚሰጥ ነው። ሁለት ጊዜ በሰነድ ተጠይቆ ምንም ካልተለወጠ፣ ዘጠኝ ዓመት ልምድ ያለው የሒሳብ ባለሙያ ሌላ ቦታ ማመልከቻ ማስገባት የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ «በከተማችን በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የምሠራ የ27 ዓመት ነርስ ነኝ። አዘዞ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ‹ቋሚ የግል ሰዓት ያዙ› የሚለውን ምክር ባነበብኩ ቁጥር ያስቀኛል፤ ዱቲዬ አንድ ሳምንት ቀን፣ ሌላው ማታ ነው፣ ማክሰኞ የምትባል ቀን የለችኝም። ከሌሊት ተረኝነት ጠዋት ስመለስ ደግሞ ‹ቤት ነሽ› ተብዬ የጎረቤት ቡና፣ የገበያ መልእክት፣ መንደር ሙሉ የደም ግፊት መለካት ይጠብቀኛል። ለእንደ እኔ ዓይነቱ ሰው ምን ትመክራላችሁ?»

መልስ፦ ሰዓቱን ከሳምንቱ ቀን ጋር ሳይሆን ከተረኝነቱ ጋር ያያይዙት። የወሩ የዱቲ ፕሮግራም በተለጠፈ ዕለት፣ ፎቶ አንሥተው ቤት ከመሄድዎ በፊት፣ ሁለት ነገር ምልክት ያድርጉበት፤ አንደኛው የየሌሊት ተረኝነቱ ሰንሰለት የሚያልቅበት ጠዋት፣ ሁለተኛው ከዚያ በማግስቱ ያለው ቀን ነው። የመጀመሪያው የእንቅልፍ፣ ሁለተኛው የግል ጊዜ ነው። ሁለቱን አይቀላቅሏቸው። እንቅልፍን እንደ መዝናኛ ቆጥሮ «ቀኑን ሙሉ አርፌያለሁ» ማለት የሌሊት ተረኞች የተለመደ ስሌት ነው፤ ለአዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ መሠረታዊ ፍላጎት እንጂ ትርፍ አይደለም። ሌሊት ነቅቶ ያደረ ሰው ደግሞ ቀን የሚተኛው እንቅልፍ ብርሃኑም ጫጫታውም ስለሚያሳጥረው ጥበቃ ይፈልጋል። መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ ይሸፍኑ፣ ስልኩን ለእናትዎ ይስጡ፣ ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት በሩ ላይ «ተረኛ ነበረች፣ ተኝታለች» የሚል ወረቀት ይለጠፍ። ወረቀቱን የጻፉት እናትዎ ቢሆኑ ይሻላል፤ ጎረቤት ከልጅቷ ይልቅ እናቲቱን ያከብራል።

የደም ግፊቱን ጉዳይ መከልከል አይችሉም፤ ማሰባሰብ ግን ይችላሉ። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት፣ እኛ ቤት» ብለው አንድ ጊዜ ያስነግሩ። እማማ እገሌ በሌላ ቀን ራሳቸውን አዞሯቸው ሲመጡ ይለኩላቸዋል፤ ለመለካት ብቻ የመጡት ግን እሑድን ይለምዳሉ።

ዱቲ መቀያየር በነርሶች መካከል የሚያስመሰግን መረዳዳት ነው፣ እርስዎም ሳይቀያየሩ መኖር አይችሉም። ሆኖም በየሁለት ሳምንቱ አንዲት የማትቀየር ቀን ትኑርዎት፤ ፕሮግራሙ በወጣ ዕለት ለባልደረቦችዎ ይንገሯቸው፤ ሰው ሲለምን ሳይሆን ሳይለምን የተነገረ እምቢታ ቅር አያሰኝም። ከላይ ለመጀመሪያዋ ጠያቂ የጠቀስነው አዋጅ የመንግሥት ሠራተኞችን አይመለከትም፤ የእርስዎ ፈቃድና የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚገዛው በመንግሥት ሠራተኞች ሕግና በሆስፒታሉ መመሪያ ስለሆነ የሰው ሀብት ክፍሉን ይጠይቁ። ከሌሊት ተረኝነት በኋላ ሌላ የሙሉ ቀን ዱቲ ደርቦ መውሰድ ግን ገንዘቡ ምንም ቢያስፈልግ አይመከርም፤ የመድኃኒት መጠን የሚሳሳት እጅ ብዙ ጊዜ ያልተኛ እጅ ነው።

ጥያቄ፦ «በአንድ ድርጅት የክፍል ኃላፊ ነኝ፤ ከእኔ ሥር 12 ሠራተኞች አሉ። በቅርቡ አንዷ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ስልክ እንደማታነሣ ነገረችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም ተከተሏት። ሰው ማረፍ እንዳለበት አምናለሁ፤ ግን ሥራው ቢበደልስ?»

መልስ፦ በመጀመሪያ ልጅቷን አይቀየሟት፤ በግልጽ የነገረችዎት ሌሎቹ «ባትሪው ዘግቶብኝ ነው» እያሉ ለብዙ ጊዜ ሲያደርጉት የነበረውን ነው። ቀጥሎ «አስቸኳይ» ማለት ምን እንደሆነ ከሠራተኞችዎ ጋር ተቀምጠው በአንድ ገጽ ይጻፉት። የገንዘብ መጥፋት፣ የንብረት ወይም የሰው አደጋ፣ እስከ ነገ ጠዋት ካልተፈጸመ ቅጣት የሚያስከትል ጉዳይ፤ ከዚህ ውጭ ያለው ያድራል። ለአስቸኳዩ ደግሞ በየሳምንቱ የሚዘዋወር አንድ ተረኛ ይመድቡ። በ12 ሰው ሲካፈል እያንዳንዱ በሦስት ወር አንድ ሳምንት ያህል ብቻ ይደርሰዋል፤ የቀሩት 11 ደግሞ ልባቸው ወደ ስልካቸው ሳይሄድ ያመሻሉ። ለሥራ ዝግጁ ሆኖ መጠበቅ በሕጉ ከሥራ ሰዓት ሊቆጠር ስለሚችል፣ ለተረኛው ምን እንደሚከፈል ወይም በምትኩ መቼ እንደሚያርፍ አስቀድሞ መወሰን አለበት።

እርስዎ ራስዎ ቢሮ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ ሠራተኛው የሚያየው ወንበርዎን እንጂ መመሪያዎን አይደለም፤ ስለዚህ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን በሰዓቱ ሲወጡ ይታዩ። በምሽት ሐሳብ ከመጣልዎ ለመርሳት ሳይሆን ለማሳደር የሚሆን መንገድ አለ። ቴሌግራም ላይ መልእክቱን ጽፈው የመላኪያውን ምልክት ተጭነው ቢይዙት የሚላክበትን ቀንና ሰዓት ያስመርጥዎታል፤ የማግስቱን ጠዋት 2:30 ይምረጡለት፤ ስልክዎ በፈረንጅ ሰዓት የሚሠራ ከሆነ 8:30 ብለው ይሙሉት።